ፍትሐዊ ንግድ ምጽዋት አይደለም

ጎንደር ውስጥ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ተደራጅተው መሶብ ሲሰፉ ያየ ሰው፣ «ፍትሐዊ ንግድ» (አምራቹ ተገቢ ዋጋ የሚያገኝበት ንግድ) ሲባል እርዳታ ይመስለዋል። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት 10 መርሆች ግን የንግድ ግዴታዎች ናቸው። በኤችአይቪ ምክንያት ማግለልን በግልጽ ይከለክላሉ። (ቫይረሱ በመሶብም በጋቢም አይተላለፍም፤ ይህን ዛሬም መጻፍ ማስፈለጉ ይገርማል።)

የሚያደናግረው ቅድሚያ ክፍያው ነው። በመርሆቹ መሠረት የእጅ ሥራ የሚያዝ ገዢ፣ አምራቿ ከጠየቀች፣ የዋጋውን ቢያንስ 50 በመቶ ያለ ወለድ አስቀድሞ ይሰጣል። ስጦታ አይደለም፤ ከሒሳቡ ይቀነሳል። ሰፊዋ ግን ለአለላና ለስንደዶ መግዣ አራጣ አትበደርም። ዋጋው በሁለቱ ስምምነት ይቆረጣል። መሶቡ ጠማማ ቢወጣስ? ገዢው በዝምታ አይመልስም፤ ትእዛዙን ከመሰረዙ በፊት አምራቿን ማማከር አለበት።