ዳዮን ቡሲኮ፦ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት

ዳዮን ቡሲኮ ደብሊን ተወልዶ የለንደንንና የኒው ዮርክን መድረክ የተቆጣጠረ አየርላንዳዊ ተዋናይና ጸሐፌ ተውኔት ነው። የተወለደው በ1820 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል፤ 1822 የሚሉም አሉ። አባቱም ያከራክራል። የእናቱ ባል ሳሙኤል ቡርሲኮ ቢሆንም፣ የልጁ እውነተኛ አባት ዳዮኒሲየስ ላርድነር የተባለው የሳይንስ ጸሐፊ ሳይሆን አይቀርም። ሙሉ ስሙም ዳዮኒሲየስ ላርድነር ቡርሲኮ ነው።

በ1841 "ለንደን አሹራንስ" የተሰኘው ኮሜዲው በኮቨንት ጋርደን ሲታይ ገና ወጣት ነበር። ከዚያ ለዓመታት የፈረንሳይ ተውኔቶችን ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰ ኖረ። በ1853 ከተዋናይት ሚስቱ አግነስ ሮበርትሰን ጋር አሜሪካ ገባ።

ስሙ የገነነው እዚያ ነው። በ1857 "የኒው ዮርክ ድሆች" በተባለው ድራማ መድረክ ላይ ቤት ሲቃጠል አሳየ። ሕዝቡ ጎረፈ። ያንኑ ተውኔት የሰፈሩን ስም ብቻ እየለወጠ በሊቨርፑልም በለንደንም ሸጠው። ተመልካች የራሱን ጎዳና መድረክ ላይ ማየት እንደሚወድ ገብቶታል።

"ኦክቶሩን" (ከስምንት አንድ እጁ የጥቁር ዘር የሆነ ሰው ማለት ነው) የተሰኘው ተውኔቱ በታኅሣሥ 1859 ሲከፈት፣ የባርነት ተቃዋሚው ጆን ብራውን ከተሰቀለ ገና አራተኛ ቀኑ ነበር። ታሪኩ የሉዊዚያና ነው። ዞዪ የምትባለው ወጣት በጨረታ ትሸጣለች፤ አንድ ገዳይ ደግሞ ሳያውቀው ካሜራ ውስጥ ይገባል። ጉዱን ያወጣው ፎቶው ነው። የለንደን ተመልካች ግን የዞዪን ሞት አልቀበልም ስላለ፣ ቡሲኮ መጨረሻውን ቀየረው።

በ1860 የወጣው "ኮሊን ቦን" የትውልድ አገሩን ታሪክ ይዞ መጣ። ሠራተኞች ስስ ጨርቅ እያወዛወዙ ሐይቅ አስመሰሉ፤ ቡሲኮ ራሱ ከዓለቱ ዘሎ ገብቶ የምትሰምጠውን ልጅ ያወጣል። ንግሥት ቪክቶሪያ ሦስት ጊዜ አይታዋለች።

ትልቁ ውለታው ግን ለደራሲዎች የዋለው ነው። በዚያ ዘመን ደራሲ ተውኔቱን አንዴ በቁርጥ ሸጦ እጁን ያጥባል፤ ቲያትር ቤቱ ግን ለዓመታት ይከብርበታል። ቡሲኮ ይህን አልዋጥ አለው። በአሜሪካ ደራሲ በሥራው መታየት ላይ መብት እንዲኖረው ከተሟገቱት አንዱ ሆነ፤ ሕጉም በ1856 ወጣ። ለንደን ላይ ደግሞ "ኮሊን ቦን"ን ለአደልፊ ቲያትር የሰጠው የትርፍ ድርሻ ቆርጦ ነው። ዛሬ ደራሲ ከትኬት ገቢ ድርሻ ሲያገኝ የዚህ ሰው ላብ አለበት።

በ1874 "ሾክራን" ላይ ኮን የተባለውን ቀልደኛ ራሱ ተጫወተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የታሰሩ የአየርላንድ ነፃነት ታጋዮች እንዲፈቱ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝሬሊ ጻፈ። በ1885 አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ ተዋናይት አግብቶ ብዙ ወሬ አስነሣ። በ1890 ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈ። "ለንደን አሹራንስ" በ2010 በለንደኑ ብሔራዊ ቲያትር እንደገና ለመድረክ በቅቷል።