ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ ሮቦት፣ ሞለኪውልና ዘረመል በስስ አየር

አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ውስጥ አንድ ፍሬሽማን ውኃ ያፈላል። ውኃው ይንተከተካል፤ ቴርሞሜትሩ ግን 92 ገደማ ደርሶ ቀጥ ይላል። ተማሪው "ተበላሽቷል" ብሎ ሌላ ቴርሞሜትር ያመጣል። ያም 92 ይላል። እኔ በጊዜዬ ሁለት ቀይሬያለሁ። በሦስተኛው ላይ የላብራቶሪ ረዳቱ እየሳቀ "ሸገር ላይ ውኃ በመቶ አይፈላም" አለኝ።

ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውኃ ቶሎ ይፈላል። ባቄላ አልበስል ብሎ የሚያስመርረንም ለዚሁ ነው፤ ውኃው ይፈላል እንጂ የሚገባውን ያህል አይሞቅም። ፕሬዠር ኩከር የገዛ ሰው ሳያውቀው ከፍታውን እየታገለ ነው። ይህ ስስ አየር ከላብራቶሪው ወጥቶ ሮቦቱም ውስጥ፣ ደማችንም ውስጥ ስለሚገባ ነው ከሱ የጀመርኩት።

ሰፈሩን ላስተዋውቅ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950 አራት ኪሎ ላይ በኮሌጅነት ጀመረ። ምህንድስናው አምስት ኪሎ ላይ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ዋናው ግቢ ደግሞ ንጉሡ በ1961 የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ብሔራዊ ሙዚየምም እዚያው አምስት ኪሎ አለ። ሁሉም በአንድ መንገድ የተሰለፉ ናቸው። በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ዳገቱ ነው እንጂ።

ከሦስቱ ሳይንሶች፣ ከሮቦት፣ ከኬሚስትሪና ከዘረመል፣ እዚህ ሰፈር ሥር የሰደደው ኬሚስትሪው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ይመስለኛል፤ ጥሬ ዕቃው ከገበያ ይገዛል። ጌሾን እንውሰድ። እናቶቻችን ጠላና ጠጅ የሚጠምቁበት ቅጠልና እንጨት ነው። መራራነቱ ከየት መጣ? የአራት ኪሎው ኬሚስት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝ ከባልደረባቸው ጋር መራራውን ንጥረ ነገር ለይተው በ1995 አሳተሙት። ስሙንም ጌሾይዲን አሉት። ሞለኪውሉ የስኳር ቁራጭ የተንጠለጠለበት ሆኖ ሳለ መራራ ነው። የጠላ ቤት ቃል በዓለም የኬሚስትሪ መዝገብ መስፈሩ እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል።

እጣንም እንዲሁ ነው። ከመርካቶ የተገዛ እጣን እንፋሎት ሲያልፍበት ዘይቱ ከውኃው ጋር ይወጣና ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከሰሜን ከመተማና ከትግራይ በኩል በሚመጣው ነጭ እጣን ዘይት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኦክታይል አሴቴት የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሽታው ወደ ብርቱካን ልጣጭ ያደላል። ከቦረናና ከኦጋዴን የሚመጡት እጣኖች ዛፋቸውም ዘይታቸውም ሌላ ነው። ነጋዴው በአፍንጫው የሚለየውን ኬሚስቱ በመሣሪያ ይለየዋል። አፍንጫው የሚሳሳት እንዳይመስላችሁ።

የእንዶዱን ታሪክ ግን ሳልዘረዝር አላልፍም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዝያ ሊያጠኑ አድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ በሳሙና ሳይሆን በተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ። አክሊሉ ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ያለውን ውኃ አዩት። የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈዋል። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ደህና ናቸው። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ትል የሚራባው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ቀንድ አውጣው ከሞተ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የሚገድለው አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የተባለ የሞለኪውል ቤተሰብ ነው፤ ቆሻሻ የሚያስለቅቀውም እሱ ነው። አክሊሉ በ1966 የፓቶባዮሎጂን ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ ሰፈረ ሰላም ይገኛል። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙዎች "አማራጩ ኖቤል" የሚሉትን የስዊድን ሽልማት ወሰዱ። ያኔም አሁንም የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም። ልብስ አጣቢዎቹ እንዶድ ሲጠቀሙ ዘመናት አልፈዋል። ዝቅ ብሎ ወንዙን ያየ ሰው ነው የጠፋው።

ወደ ሮቦቱ ልለፍ። እዚህ ዘርፍ ገና ልጅ ነን። ሸራተን አካባቢ ያለው የሳይንስ ሙዚየም በ2022 ተከፍቶ ሰው ከነቤተሰቡ ይጎበኘዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ ደግሞ ሶፊያ ለተባለችው ሰው መሰል ሮቦት ከሠሯት ሶፍትዌሮች የተወሰነውን ጽፏል። ሶፊያ ራሷ በ2018 መጥታ ነበር፤ የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ መንገድ ላይ ጠፍቶባት። በዚህ በኩል እንደኛ ሰው ናት።

እኔ ግን ልቤ ያለው ተማሪዎች በሚሠሩት የቤት ሮቦት ላይ ነው። ሞተሩ ሶማሌ ተራ ከተገዛ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ይወጣል። ዓይኑ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ የሚልክ ሴንሰር ነው። ድምፁ በሴኮንድ 40 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል፤ ግድግዳ ነክቶ ሲመለስ ሮቦቱ ጊዜውን ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል። አንድ ጓደኛዬ ለመመረቂያው እንዲህ ያለ ጋሪ ሠራ። ኮሪደር ላይ ለቀቀው። ግድግዳውን አየ፣ ወንበሩን አየ፤ ጋቢ የለበሱትን ዘበኛ ግን ሄዶ ገጫቸው። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕቃህ ሰው አያይም እንዴ?" አሉት። ልክ ነበሩ። ወፍራም ጥጥ ድምፁን ይውጠዋል፤ የማይመለስ ድምፅ ደግሞ ለሴንሰሩ ባዶ ቦታ ማለት ነው። ውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ ጋቢ የለም።

ድሮን የሚሠሩት ደግሞ ያው 92 ዲግሪን ያመጣብን አየር ያገኛቸዋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ክንፉ የሚገፋው አየር ስለሚያንሰው በፍጥነት መሽከርከር አለበት። ባትሪውም ማሸጊያው ላይ የተጻፈለትን ደቂቃ አይዘልቅም።

ሰውስ? በ2002 የታተመ ጥናት፣ ከአዲስ አበባ የሕክምና ትምህርት ቤት የሆኑ ተመራማሪም ያሉበት፣ ስሜን ተራራ ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ደም መረመረ። አንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች ኦክስጅን ሲያንሳቸው ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸው ይበዛል፤ ደማቸው ይወፍራል። ቲቤቶች ደማቸው አይወፍርም፤ የሚይዘው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። ስሜኖቹ ሁለቱንም አላሳዩም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር ደም 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር። የኦክስጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ። ቆላ ሜዳ ላይ የተቀመጡ ይመስል። ከዚያ ወዲህ የመጡት የጂን ጥናቶች ከቲቤቶቹ የተለዩ ጂኖችን ጠቁመዋል።

የጋሞ ደጋ ላይ ሞታ ዋሻ ውስጥ የተገኘው ሰውዬም ከፍታን የመላመድ ምልክት ይዟል። የኖረው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው። ዲኤንኤው የተገኘው ከጆሮ ውስጠኛ አጥንት ነው፤ ከሰውነታችን በጣም ጠጣሩ አጥንት እሱ ነው። በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም፣ ማለትም የአንድ ሰው ዲኤንኤ በሙሉ፣ ሆነ። ለከፍታ የሚረዱ ልዩነቶች ተገኝተውበታል፤ ትልቅ ሰው ወተት እንዲፈጭ የሚያደርገው ግን የለውም። ተመራማሪዎቹ ከእስያና ከአውሮፓ በኩል የተመለሰ ዘር መላ አፍሪካን አዳርሷል ብለው የደመደሙትን በ2016 አርመዋል፤ ሁለት ሶፍትዌሮች ሳይግባቡ ቀርተው ነበር። ሙዚየም የሚገቡ ልጆች "የድንቅነሽስ ዲኤንኤ?" ይላሉ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለዲኤንኤ በጣም ረጅም ነው።

ኬሚስትሪና ዘረመል የሚገጥሙበት አንድ ጥናት አለ። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ስዊድን ሆነው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለውጠውን ጂን በኢትዮጵያውያን ላይ አጠኑ። 29 በመቶዎቹ ጂኑን ደጋግመው ይዘውት ተገኙ። ስዊድኖች ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ጂኑ የበዛለት ሰው ኮዴይን ሲውጥ ሞርፊኑ በአንድ ጊዜ ይጎርፍበታል፤ ትንፋሽ እስከ ማፈን ሊደርስ ይችላል። ሌላ መድኃኒት ሲወስድ ደግሞ ቶሎ አቃጥሎት ምንም ላይሠራለት ይችላል። ለምን እኛ ላይ በዛ? አንዳንድ ተመራማሪዎች ድሮ በረሃብ ጊዜ መራራና መርዛም ቅጠል በልተው የተረፉት ሰዎች ናቸው ያወረሱን ይላሉ። እስካሁን መላ ምት ነው።