ሴፍትሪያክሶንና ካልሲየም፦ የሚከለከለው የቱ ነው?

«ሴፍትሪያክሶን እየተወጋሁ ወተት መጠጣት እችላለሁ?» ብዙ ሰው ይጨነቅበታል። ይቻላል። ክልከላው በደም ሥር ስለሚገባ ካልሲየም ነው።

ሴፍትሪያክሶን ለሳንባ ምች፣ ለማጅራት ገትርና ለመሳሰሉት ከባድ ኢንፌክሽኖች የሚሰጥ መርፌ ነው። በብልቃጥ የሚመጣ ዱቄት ነው፤ በፈሳሽ ይበጠበጣል። ፈሳሹ ካልሲየም ካለው ግን ሁለቱ ተያይዘው ጥቃቅን ጠጣር ነገር ይሠራሉ። ይህ በጨቅላ ሕፃናት ሳንባና ኩላሊት ውስጥ ተገኝቶ ያውቃል፤ ሕይወትም አልፏል። ስለዚህ እስከ 28 ቀን ላለ ጨቅላ፣ ካልሲየም ያለው ፈሳሽ በደም ሥር የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ሴፍትሪያክሶን ጭራሽ አይሰጠውም። በተለያየ መስመር (ፈሳሹ ወደ ደም ሥር በሚገባበት ቱቦ) ቢሆንም።

ከዚያ በላይ ላለ ሰው ደንቡ ላላ ይላል። ሁለቱ አይቀላቀሉም፣ በአንድ ጊዜም አይገቡም። አንዱ ሲያልቅ መስመሩ በደንብ ይታጠብና ሌላው ይቀጥላል።

በደፈናው «ግሉኮስ» የምንለው የተሰቀለ ፈሳሽ ሁሉ አንድ አይደለም። ሪንገር ላክቴት ካልሲየም አለው፤ ኖርማል ሳላይን የለውም። እባካችሁ ስታስታምሙ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ነርሷንም «ይሄ ሪንገር ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ።