የድርጅት መኪና ሲጋጭ የሚረዳው የስልክ አፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአደጋ ማሳወቂያ አፕ የሚባለው መኪና ሲጋጭ ሾፌሩን ደረጃ በደረጃ እየመራ ፎቶ የሚያስነሳ፣ የታርጋና የኢንሹራንስ መረጃ የሚያስሞላ፣ ቦታና ሰዓት መዝግቦ ለስምሪት ክፍል የሚልክ ፕሮግራም ነው። ተገዝቶ የሚጫን አለ፤ በኮቦ ኮሌክት ወይም በጎግል ፎርም የራሱን ቅጽ የሚያዘጋጅ ድርጅትም አለ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ወደ መተማ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሠራተኛ የሚያሰማራ ድርጅት ከእንዲህ ዓይነቱ አፕ ብዙ ሊጠቀም ይችላል። የሚጠቀመው ግን አፑ ምን እንደማይሠራም ካወቀ ነው።

«አፑ ላይ ከላክሁ ፖሊስ መጥራት አያስፈልገኝም»

አፑ የሚልከው ለድርጅቱ ብቻ ነው። የኢንሹራንሱ ካሳ ክፍል ፋይል ሲከፍት የሚጠይቀው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሾፌሩ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ፣ ከዚያም የጋራዥ ፕሮፎርማ ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ መኪናው ከቦታው ከተነቃነቀ የማን ጥፋት እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ግጭት ሲደርስ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ «አንሱልን» እያለ ጥሩምባ ይነፋል። አፑ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፦ ፖሊስ እስኪደርስ ባሉት ደቂቃዎች የመኪኖቹን አቋም ይይዛል።

የተጎዳ ሰው ካለ ግን ስልኩ ለጥሪ እንጂ ለፎቶ አይወጣም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የስምሪት ክፍሉ፣ የአቅራቢያው ፖሊስና የጤና ተቋማት ቁጥሮችም ከግቢ ሳይወጡ በፊት አፑ ውስጥ መግባት አለባቸው። በተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የጤና ተቋማት ለተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ ሾፌሩ «መጀመሪያ ገንዘብ ላፈላልግ» ብሎ አይዘግይ።

«ኔትወርክ ከሌለ አፑ ዋጋ የለውም»

ይህ የሚወሰነው ድርጅቱ በመረጠው አፕ ነው። ጎግል ፎርም ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ከደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና አይሆንም። ኮቦ ኮሌክት ግን ቅጹ አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሞላል፤ ፎቶውንም ስልኩ ላይ ያስቀምጥና ኔትወርክ ሲገኝ ይልካል።

ጂፒኤስ ደግሞ ከሳተላይት የሚቀበል እንጂ የሞባይል ዳታ የሚፈልግ አይደለም። ዳታ ሲጠፋ የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ግን ይዘገያል፤ አንዳንዴ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ገደል ሥር ሲሆን ምልክቱ ከዐለቱ እየተንጸባረቀ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከመሞከር ወርዶ ሰማይ በሚታይበት ቆሞ መጠበቅ ይሻላል፤ የስሕተት መጠኑ ከ10 ሜትር በታች ሲወርድ ማስቀመጥ ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ግቢ ውስጥ ስልኩን የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ፣ ቅጹን ከነፎቶው እስከ መጨረሻው ሙሉ፣ ከዚያ ሁነታውን አጥፉ። ሙሉ ሪፖርቱ ስምሪት ክፍል ካልደረሰ ያ አፕ ለመስክ አልተዘጋጀም። ዳታ ጠፍቶ የስልክ መስመር ሲኖር አጭር የጽሑፍ መልእክት ያልፋል፤ «ታርጋ፣ ቦታ፣ የተጎዳ ሰው ብዛት፣ መኪናው ይንቀሳቀሳል ወይ» የሚል የተዘጋጀ መልእክት ስልኩ ላይ ይኑር።

«ዋናው ብዙ ፎቶ ማንሳት ነው»

የተጨረመተ ፓራውልት ብቻ የሚያሳዩ 40 ፎቶዎች ግጭቱ እንዴት እንደደረሰ አይናገሩም። ካሳ ክፍልም ፖሊስም የሚፈልገው መኪኖቹ በመንገዱ ላይ የቆሙበትን አቋም ነው።

አራቱ ፍሬቻ ይብራ፣ ሦስት ማዕዘኑ ከኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቆ ከአራቱም ማዕዘን ማንሳት ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር ይግባ፦ የመብራት ምሰሶ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ፣ የመንገዱ ጠርዝ። ቀጥሎ የፍሬን ምልክት፣ የተሰበረ መስታወትና የፈሰሰ ዘይት የወደቁበት ቦታ ይነሳል፤ አስፋልቱ ላይ ጫማ ወይም የውኃ ጠርሙስ ቢቀመጥ ርዝመቱን መገመት ይቻላል። መጨረሻ ላይ የሁለቱም መኪኖች ታርጋ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ስቲከርና የሌላኛው ሾፌር መንጃ ፈቃድ። የቆየ ጭረት ካለም ይነሳ፤ በኋላ «ይሄ ከዚህ ግጭት አይደለም» የሚል ክርክር ይነሳልና።

ማታ ታርጋ በፍላሽ ሲነሳ ያንጸባርቅና ቁጥሩ ይጠፋል። ፍላሹን አጥፍቶ በሌላ ስልክ ባትሪ ከጎን ማብራት ነው።

አፑ ሳይልክ ቀርቶ ፎቶ በቴሌግራም የሚላክበት ጊዜ አለ። ቴሌግራም ፎቶን አጭቆ ይልካል፤ ውስጡ ያለው የሰዓትና የቦታ መረጃም ይጠፋል። «ፋይል» በሚለው ሲላክ እንዳለ ይደርሳል። ዋናው ቅጂ ደግሞ ጉዳዩ እስኪዘጋ ከስልኩ አይሰረዝ።

«ሰዓቱን ስልኩ ስለሚመዘግብ ችግር የለም»

ስልኩ 14:20 ይላል፣ ፖሊሱ 8:20 ብሎ ይጽፋል። ስልኩ 15/09/2025 ይላል፣ ሪፖርቱ ላይ መስከረም 5 ቀን 2018 ይሰፍራል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ፋይሉን ከወራት በኋላ የሚያገላብጥ ሰው ግን ልዩነት ያያል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የደረሰ አደጋ ሲሆን ይብሳል፤ ስልኩ ቀኑን ቀይሮታል፣ ሾፌሩ በልማድ ያለፈውን ቀን ይጽፋል። ቅጹ ሁለቱንም አቆጣጠር የሚያስሞላ ይሁን፤ ከሰዓቱ ጎን «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት» የሚል ምርጫም ይግባ።

«አደጋ ሲደርስ አፑ ራሱ ያውቃል»

ስልኩ ውስጥ ያለው ንዝረት የሚለካ መሣሪያ የሚነቃው ለከባድ ምት ነው። ባጃጅ ጎኑን ጭሮት ቢሄድ አያውቅም፤ ስልኩ ወለል ላይ ሲወድቅ ደግሞ በከንቱ ሊጮኽ ይችላል። ሪፖርቱን የሚጀምረው ሰው ነው። ሾፌሩ ቢጎዳስ? አብሮት የሚጓዘው ባልደረባም አፑን ይጫን፣ አሞላሉንም ይለማመድ።

«ጥፋቱን አምኜ ቦታው ላይ ብንስማማ ይቀላል»

ይቀላል፣ ግን ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቱ፣ ማለትም ድርጅቱ ነው። ሁለት መኪኖች ሲጋጩም ቁጥር 2084 መነሻ የሚያደርገው ሁለቱም እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ነው፤ ይህን የሚቀይረው ማስረጃ ነው። ሾፌሩ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ከፈረመ ድርጅቱ የሚከራከርበትን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። የኢንሹራንስ ውሎችም ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት ማመንን ወይም ካሳ ቃል መግባትን ይከለክላሉ።

አፑ ላይ «አደጋው እንዴት ደረሰ» በሚለው ሳጥን ውስጥ የሚጻፈው የታየ ነገር ብቻ ነው፦ በየትኛው አቅጣጫ፣ በስንት ፍጥነት፣ ማን ከየት ገባ። «ቸኩሎ ነበር» ወይም «እኔም ትንሽ ተዘናግቼ» የሚሉት አይግቡ። የምስክር ስምና ስልክ ይግባ፤ ሰው ከመበተኑ በፊት።

«አፑ ሠራተኛውን መሰለያ ነው»

ይህ ስጋት አንዳንዴ እውነት አለው፤ በደንብ ሊመለስ ይገባል። ለአደጋ ሪፖርት የሚያስፈልገው ቅጹ ሲሞላ ያለው ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የቦታ ፈቃዱ «አፑን ስጠቀም ብቻ» በሚለው ላይ ይቀመጥ፤ «ሁልጊዜ» የሚጠይቅ አፕ ከሆነ ድርጅቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሾፌሩም የተጎጂውም መረጃ እንደፈለጉ የሚበተን አይደለም። የተጎዳ ሰው ፎቶ በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ አይለጠፍ፤ ለስምሪት ኃላፊውና ፋይሉን ለያዘው ሰው ብቻ ይድረስ።