የአጎራባች ከተሞች ከንቲባዎች ትብብር

ከንቲባን የሚመርጠው የከተማው ነዋሪ ነው፤ ከንቲባውም መልስ የሚሰጠው ለዚያው ነዋሪ ነው። ከላይኛው ከተማ የመኪና ማቆሚያ አስፋልት ላይ የወረደ ጎርፍ ግን የታችኛውን ከተማ ምድር ቤት ሊሞላ ሲሄድ የወሰን ድንጋይ አያቆመውም። ጠዋት ወደ መሀል ከተማ የሚተመው ሠራተኛም ማታ የሚገባው ሌላ አስተዳደር ውስጥ ወዳለው ቤቱ ነው። የትልልቅ ከተሞችና በዙሪያቸው የበቀሉ የዳርቻ ከተሞች ከንቲባዎች ተቀራርበው መሥራት የጀመሩት ከዚህ የተነሳ ነው። መልኩ ከአገር አገር ቢለያይም በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፦ በፈቃድ የሚሰበሰቡበትና የማስገደድ ሥልጣን የሌለው መድረክ፣ እንዲሁም በሕግ የተቋቋመ፣ የራሱ በጀትና ሠራተኛ ያለው የጋራ ቦርድ።

ለመጀመሪያው ዓይነት አሜሪካዊቷ ዴንቨር ጥሩ ማሳያ ናት። ዴንቨርና ጎረቤቶቿ ለረጅም ጊዜ ሆድና ጀርባ ነበሩ። መሀል ከተማዋ አጠገቧ ያለውን መሬት እየጠቀለለች ስትሰፋ የዳርቻ ከተሞች በስጋት ያዩዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ዴንቨር ያለችበት የኮሎራዶ ግዛት መራጮች ያጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ መሬቱ ያለበት ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል) ሕዝብ በድምፁ ካልፈቀደ መጠቅለል እንዳይቻል አደረገ። አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ የተሠራው በ1988 የአዳምስ ካውንቲ ሕዝብ መሬቱ ለዴንቨር እንዲሰጥ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነው።

በ1993 የተመሠረተው የሜትሮ ከንቲባዎች ኮከስ፣ ማለትም የዴንቨርና የጎረቤቶቿ ከንቲባዎች የምክክር መድረክ፣ የበቀለው በዚህ ቂም መሀል ነው። ኮከሱ ሕግ አያወጣም፣ ግብር አይጥልም፤ አቋም የሚይዘውም ሁሉም ሲግባቡ ብቻ ነው። ደንቡ ሲያዩት ተራ ይመስላል፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። ድምፅ በሕዝብ ብዛት ቢቆጠር ትንንሾቹ የዳርቻ ከተሞች ይዋጣሉ። በከተማ ቁጥር ቢቆጠር ደግሞ ዴንቨር ጥቂት ሺህ ሰው ካላት ጎረቤቷ እኩል ትሆናለች። ሁሉም ካልተግባቡ አቋም የማይያዝ ከሆነ ግን ሁለቱም ስጋት ይቀራል።

ፍሬው በባቡር ጉዳይ ታየ። በ1997 የባቡር መስመር ለመዘርጋት ለሕዝብ የቀረበ የሽያጭ ግብር ጭማሪ ወድቆ ነበር። ሐሳቡ በ2004 ፋስትራክስ በሚል ስም ሲመለስ ከንቲባዎቹ በአንድ ድምፅ ደገፉት፤ ዕቅዱ በየአቅጣጫው መስመር የሚዘረጋ ስለነበር ለየነዋሪያቸው የሚያሳዩት ነገር አላጡም። በ100 ዶላር ግዢ ላይ 40 ሳንቲም የሚጨምረው ግብር አለፈ፤ 122 ማይል ሐዲድም ታቀደ።

የመግባባት ደንብ ታዲያ የራሱ ጣጣ አለው፦ የሚያጣላው ጉዳይ ከነጭራሹ አይነሳም። ከሁሉ የሚያጣላው ደግሞ ገንዘብ ነው። የገበያ ማዕከል ሲከፈት ግብሩ ለተተከለበት ከተማ፣ የመኪናው መጨናነቅ ለጎረቤት ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተስማምተው የተለያዩ ከንቲባዎች ከሰዓት በኋላ አንዱን ባለሀብት በግብር እፎይታ ይሻሙበታል። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታ ይህን የፈታችው በግዛት ሕግ ነው። የ1971ዱ ሕግ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ባሉ 7 ካውንቲዎች፣ ከንግድና ከኢንዱስትሪ ንብረት የግብር መሠረት (ግብር የሚሰላበት የንብረት ዋጋ) ዕድገት 40 በመቶው ወደ ጋራ ቋት ገብቶ አቅም ለሚያንሳቸው ከተሞች በርከት ብሎ እንዲከፋፈል አዘዘ። በርንስቪል የተባለችው የዳርቻ ከተማ ሕጉን ከስሳ ተከራክራለች፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1974 አጸናው። ነገሩ ለከንቲባዎቹ በጎ ፈቃድ ቢተው ኖሮ ባለጸጎቹ ከተሞች እሺ ይሉ ነበር ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ዓይነት በካናዳዋ ቫንኩቨር አካባቢ ይታያል። ሜትሮ ቫንኩቨር የመጠጥ ውሃን፣ የፍሳሽንና የደረቅ ቆሻሻን ሥራ በጋራ ያካሂዳል፤ በቦርዱ የሚቀመጡትም የየከተማው ከንቲባዎችና የምክር ቤት አባላት ናቸው። ለየ20,000 ነዋሪ አንድ ድምፅ ይደርሳል፤ አንድ ተወካይ ግን ከ5 ድምፅ በላይ መያዝ አይችልም። በዚህ ስሌት 140,000 ሰው ያላት ከተማ 7 ድምፅ ይዛ ሁለት ሰው ትልካለች። በፓሪስ ዙሪያም በ2016 መጀመሪያ 131 ኮሙዩኖችን (የፈረንሳይ የከተማ አስተዳደሮችን) ያቀፈ ሜትሮፖል የተባለ የጋራ አስተዳደር ተቋቁሟል፤ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት የዳርቻዋ የሩዬይ-ማልሜዞን ከንቲባ ፓትሪክ ኦሊዬ ነበሩ። መሀል ከተማዋ ልትውጠን ነው ብሎ ለሚሰጋ ጎረቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዴንቨር ባቡር ግን ሁሉም ቦታ አልደረሰም። በ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ ሰሞን የግብሩ ገቢ ሲያሽቆለቁልና ወጪው ሲንር ዕቅዱ ተንገዳገደ። ቦልደርንና ሎንግሞንትን ያገናኛል የተባለው የሰሜን ምዕራብ መስመር በ2016 ዌስትሚንስተር ድረስ ተከፍቶ እዚያው ቆመ። ባቡሩን የሚሠራው የአካባቢው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ከንቲባዎቹ ከመወትወት ያለፈ አቅም አልነበራቸውም። የሎንግሞንት ሸማች በበኩሉ ያቺን 40 ሳንቲም መክፈሉን ቀጥሏል።