የሮው ፋይልና የካሜራ ውስጥ እርማት፦ በጎንደር የሌሊት ፎቶዎች ላይ የሚወጣው የቀለም ቀለበት

የካሜራ ውስጥ እርማት የሚባለው ካሜራው ፎቶውን ካርድ ላይ ከመጻፉ በፊት በራሱ የሚያደርገው ማስተካከያ ነው። ጠርዝ ላይ የጠቆረውን ያበራል፣ የተጣመመውን ያቀናል፣ የሌሊቱን ኖይዝ (የፎቶ ላይ ብናኝ) ይቀንሳል። ጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው አዘጋጅቶ የጨረሰውን ፎቶ፣ ለሚያነሳ ሰው ይህ እሰየው ነው። ሮው ለሚያነሳ ግን አንዳንዱ እርማት ጣጣ አለው። ጥቁር ሰማይ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለበት ይስላል። ጎንደር ጥምቀትን በሌሊት የምታነሳ ከተማ ስለሆነች ነገሩ ይመለከተናል።

ሮው ማለት ጥሬ ማለት ነው። ሴንሰሩ ያየው ብርሃን በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል። ፒክስሎቹ ላይ የቀለም ማጣሪያ ተደርድሯል። በየ4 ፒክስሉ 2 አረንጓዴ፣ 1 ቀይና 1 ሰማያዊ አለ። ይህን አደራደር የኮዳኩ ብራይስ ባየር ፈለሰፈው፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1976 አገኘ። ዛሬም አብዛኛው ካሜራ በዚሁ ነው የሚሠራው። ባለ 14 ቢት ፋይል ለእያንዳንዱ ፒክስል 16,384 ደረጃ አለው። ብዙ ይመስላል። ችግሩ ሌሊት ላይ የምንጠቀመው ከታች ያሉትን ጥቂት ደርዘን ብቻ መሆኑ ነው።

ከፋሲል መዋኛ በላይ ያለውን የሌሊት ሰማይ እንውሰድ። አረንጓዴው ፒክስል 20፣ ቀዩ 10 መዘገበ እንበል። ሌንስ ጠርዝ ላይ ስለሚጠቁር ካሜራው ከመሃል እየራቀ በሄደ ቁጥር ቁጥሮቹን በትንሽ በትንሹ ያበዛል። የሚጻፈው ግን ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። በ1.03 ሲባዛ አረንጓዴው 20.6 ይሆንና ተጠጋግቶ 21 ይጻፋል። ቀዩ 10.3 ይሆንና 10 ላይ ይቀራል። በዚያ ቦታ አረንጓዴው በ5 በመቶ ጨምሯል፣ ቀዩ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ወጣ ብለን 1.06 ላይ ስንደርስ አረንጓዴው እዚያው 21 ላይ ነው፣ ቀዩ ግን 11 ገባ፤ በአንድ ጊዜ 10 በመቶ ዘለለ። አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ ያመዝናል። እርማቱ የሌንሱን መሃል ተከትሎ ስለሚዞር ዝላዮቹ ክብ ይሠራሉ። ቀን ላይ 3,000 የመዘገበ ፒክስል በ1 ቢዛነፍ ማን ያየዋል? ሌሊት ያነሱትን ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር ውስጥ ሲያበሩት ግን ቀለበቱ አብሮ ይበራል።

እኔን የገጠመኝ ጥር 11 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ታቦታቱ ከተራውን ያደሩበት ቅጥር ውስጥ ሰው ጧፍ ይዞ ቆሟል። ከቀሃ ወንዝ በተሳበው ውሃ መሃል ያለው ሕንፃ ጥላውን ጥሏል። ትራይፖድ ላይ 20 ሰከንድ አነሳሁት። ቤት ገብቼ ጥቁሩን ከፍ ሳደርግ ከሕንፃው በላይ ሰማዩ እንደ ተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኗል። መጀመሪያ ሌንሱን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ የጧፉን ጭስ። ጭስ ክብ ሆኖ እንደማይቆም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሌላው ፈተና ነው። ውስጡ ጨለም ይላል፣ በፍላሽ ማንሳትም አይፈቀድም። በጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ብዙዎች እንደሚሉት 135 ናቸው፤ ከዚያ ያነሰ የሚቆጥርም አለ። ይሁንና እዚያ ቀለበቱ ብዙም አይታይም፤ ሥዕሉ ይሸፍነዋል። ቀለበት ለመታየት እንደ ሰማይ ያለ ባዶ ሜዳ ይፈልጋል።

በፊልም ዘመን የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ይህን አያውቁትም፤ ፊልም ሜኑ የለውም።

ሁሉም እርማት ሮውን አይነካም። የመጣመም እርማት አብዛኛውን ጊዜ በማስታወሻ መልክ ብቻ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፒክስሉን የሚቀይረው በኋላ ፋይሉን የሚከፍተው ሶፍትዌር ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ዲኤንጂ የተባለ የሮው ፋይል ፎርማትም ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ያሉ መመሪያዎችን ይይዛል። እኔን ብትጠይቁኝ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው። የጠርዝ ጥቁረት እርማት ግን በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ ቀጥታ ጥሬው ቁጥር ውስጥ ይገባል። የረጅም ኤክስፖዠር ኖይዝ ቅነሳም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው 20 ሰከንድ ካነሳ በኋላ ሹተሩን ዘግቶ ሌላ 20 ሰከንድ ጨለማ ያነሳና ከመጀመሪያው ላይ ይቀንሰዋል። ፋይሉን ለማሳነስ መጭመቅም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የሶኒ ሮው ለዓመታት መረጃ በሚያስቀር መንገድ ብቻ ይጨመቅ ነበር፤ ብሩህና ጨለማ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ግርፋት ይተው ነበር። ያልተጨመቀው አማራጭ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ፕሮሮው የሚባለው የአይፎን ሮውም ብዙ የተነካካ ነው።

በሜኑ ውስጥ እርማቱ በየብራንዱ ስሙ ይለያያል፦ ኒኮን ላይ ቪኔት ኮንትሮል፣ ሶኒ ላይ ሼዲንግ ኮምፐንሴሽን፣ ካኖን ላይ ፔሪፈራል ኢሉሚኔሽን። ለሌሊት ሥራ ማጥፋት ነው። ሜኑው ላይ ጠፍቶም ውስጥ ውስጡን የሚሠራ ካሜራ ስላለ መመርመሩ አይከፋም። ነጭ ነጠላ ሌንሱ ላይ ወጥሩ፣ ጥለቱ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። በደመናማ ቀን ወደ ሰማይ አዙራችሁ፣ ጨለም አድርጋችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱን እርማቱ በርቶ፣ አንዱን ጠፍቶ። ከዚያ ኮንትራስቱን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ቀለበት ካለ ይታያል።

አስቀድሞ የተነሳውን ማዳን ከባድ ነው። ሰማዩን ብዙ አለማብራት፣ የጨለማውን ክፍል የቀለም ድምቀት መቀነስ፤ ከዚህ ያለፈ አላገኘሁም። እኔ አሁን ለከተራ የምይዘው ኤሌክትሮኒክስ የሌለው፣ በእጅ የሚሽከረከር አሮጌ ሌንስ ነው። ካሜራው ምን ሌንስ እንደተገጠመለት አያውቅም፣ ስለዚህ የሚያርመውም የለውም። ጠርዙ ይጠቁራል። እሱን እኔ ቤት ገብቼ አበራዋለሁ።