ሁለት እናት ያላት ልጅ፦ ስለ ክፍት ጉዲፈቻ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ትምህርት አልነበረም። ስለ ጤናም አልነበረም። "እህቴ፣ ጸጉሯን ማነው የሚሠራላት?" አለችኝ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ያን ቀን በአንድ በኩል ደሴ አካባቢ ያለች ወላጅ እናት፣ በሌላ በኩል ልጇን በጉዲፈቻ ወስዳ ያሳደገች አሜሪካዊት ነበሩ። መሃል ላይ እኔ። ከአሥር ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጋገራቸው ነው። ጥያቄውን ስተረጉምላት አሳዳጊዋ አልመለሰችም። ስልኩን አዞረችና የልጅቷን ጸጉር ከኋላ አሳየች። ሹሩባው እስከ ማጅራቷ ጥብቅ ብሎ ተሠርቷል። ወላጅ እናቷ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ዝም ብላ አየች። ቆየችና "መስመሩ ቀጥ ብሏል። ጎበዝ ነሽ በይልኝ" አለች።

ክፍት ጉዲፈቻ የሚባለው ይህ ነው። ፈረንጆቹ ኦፕን አዶፕሽን ይሉታል። የወለደውና ያሳደገው ቤተሰብ ይተዋወቃሉ፣ ልጁም ሁለቱንም እያወቀ ያድጋል። ስለዚህ ነገር ከወላጆችም፣ ከአሳዳጊዎችም፣ ከዘመድ አዝማድም የምሰማው ስህተት ብዙ ነው። አንዳንዱ ልጆችን ስለሚጎዳ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ይሄ የፈረንጅ አመጣሽ ነው"

አይደለም። እንዲያውም ለእኛ የሚቀርበው ክፍቱ ነው። ዝግ የሆነው፣ ማለትም የልጁን የቀድሞ ስም ደብቆ፣ ፋይሉን አሽጎ፣ ወላጆቹን እንደሌሉ የሚቆጥረው አሠራር ነው ከውጭ የመጣብን። አሜሪካ ውስጥ የጉዲፈቻ ልጆች የመጀመሪያ የልደት የምስክር ወረቀት በየስቴቱ ለአሥርት ዓመታት ታሽጎ ኖሯል። ኒውዮርክ እንኳ 18 ዓመት የሞላው ሰው የራሱን ወረቀት እንዲያገኝ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

በእኛ አገር ግን ልጅ አክስቱ ቤት ያድጋል፣ አያቱ ጋር ያድጋል፣ ክርስትና እናቱ ትወስደዋለች። ከየት እንደመጣ የማያውቅ ጎረቤት የለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፣ ከማሳደግ ጋር የተያያዘ ቃል።

ሕጉም ከዚሁ ጋር ይስማማል። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 183ን ይመልከቱ። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን ቅድሚያው የአሳዳጊው ቤተሰብ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ጉዲፈቻው ሲጸድቅ የወላጆቹ ሕጋዊ መብት እዚያው ያበቃል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለው ይህ ክፍተት ስንት ቤተሰብ እንዳስለቀሰ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

"ሁለት እናት ካላት ግራ ይገባታል"

እስቲ ዙሪያችንን እንይ። አያቱን "እማዬ" ብሎ፣ የወለደችውን እናቱን በስሟ እየጠራ ያደገ ሰው የማያውቅ አበሻ አለ? ማን እንደወለደው፣ ማን እንዳሳደገው ያውቃል። ግራ የተጋባም የለም።

የአሜሪካ ተመራማሪዎችም ይህን ጥያቄ አንስተውታል። የሚኒሶታና የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 190 አሳዳጊ ቤተሰቦችንና 169 ወላጅ እናቶችን አጥንተው፣ ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋቸዋል። ከወላጅ እናቱ ጋር የሚገናኝ ልጅ "እናቴ የትኛዋ ናት?" ብሎ ሲደናገር አላገኙም። ደግሞም ለሁሉም ቤት የሚሆን አንድ ዓይነት ልክ እንደሌለ አሳይተዋል። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። ልጅን ግራ የሚያጋባው ትልልቆቹ ሲንሾካሾኩና እሱ ሲገባ ወሬ ሲቀይሩ ነው።

"እናቷ ካወቀችን መጥታ ትወስዳታለች"

ይህን ፍርሃት አልንቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ያሳደጉ ባልና ሚስት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ እንደነበር አጫውተውኛል። ግን ሕጉን እንወቅ። ጉዲፈቻ በኢትዮጵያ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚሻረው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው፣ ሲበዘብዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ሲያሳድገው ነው። ወላጅ ስለናፈቀው ብቻ አይፈርስም። አሜሪካም ውስጥ የመገናኛ ስምምነት ተጣሰ ተብሎ ጉዲፈቻው አይሻርም።

ደግሞ ከላይ ያነሳሁት ጥናት ያገኘው ደስ የሚል ነገር አለ። ይወሰድብኛል የሚለው ፍርሃት ቀለል ብሎ የታየው ወላጅ እናቲቱን በሚያውቋት አሳዳጊዎች ዘንድ ነው። ያላዩት ሰው ነው የሚያስፈራው። አንዴ ቡና አብረው ከጠጡ በኋላ ሰው ትሆናለች።

"18 ዓመት ሲሞላው ተምሮ ይመለሳል"

አሁን ወደ ከባዱ ደረስን። ይሄኛው ስህተት የወላጆች ነው። ጥፋቱ ግን የእነሱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2018 ድረስ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ 2,500 ገደማ። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ለብዙ ገጠር ቤተሰብ የተነገረው "ይማራል፣ ይጽፍላችኋል፣ ሲያድግ ይመጣል" የሚል ነው። እናት ደግሞ ማደጎ ሲባል የሚገባት አክስት ቤት መላክ ነው። አንቀጽ 183 በደሟ ውስጥ አለ። ልጅ ሄዶ ይቀራል የሚል ነገር አታውቅም። የፈረመችው ወረቀት ውቅያኖሱን ሲሻገር ግን ትርጉሙ ተለወጠ።

ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። ጉዲፈቻ ስፖንሰር አይደለም፤ ልጁ የአሳዳጊዎቹ ሕጋዊ ልጅ ሆኗል። 18 ሲሞላው የመመለስ ግዴታ የለበትም፣ ቤተሰብ የመርዳት ግዴታም የለበትም። ሊፈልግ ይችላል፣ ላይፈልግም ይችላል። ውሳኔው የራሱ ነው። "በየዓመቱ ፎቶ እንልካለን" የሚለው ቃልስ? አሜሪካ ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑት ስቴቶች በጽሑፍ የተደረገ የመገናኛ ስምምነት በፍርድ ቤት ሊያስገድድ ይችላል፣ በሌሎቹ ግን አያስገድድም። በቃል ብቻ የተገባ ከሆነ የሚቀረው የሰዎቹ ሕሊና ነው።

ይህን ለአንዲት እናት በስልክ መናገር ነበረብኝ። ልጇ ከሄደ 12 ዓመት ሆኖታል። የሦስት ዓመት ልጅ ሆኖ የተነሳውን ፎቶ በላስቲክ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለች። ስድስት ዓመት ቀረው እያለች አሥራ ስምንተኛ ዓመቱን ትቆጥር ነበር። እኔ ስቆጥረው ሦስት ነው የቀረው። ልጁ ሲሄድ ስንት ዓመቱ እንደነበር ከወረቀቱ ላይ ያነበበላት ሰው ተሳስቶባታል። እውነቱን ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና "ታዲያ በሕይወት መኖሩን ብቻ ጠይቂልኝ" አለች።

አሳዳጊዎች ሆይ፣ ይህን ካነበባችሁ ልለምናችሁ። ወሬ የሚጠይቅ ወላጅ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ገንዘብ ከተነሳም በትልልቆቹ መካከል ይለቅ፣ ልጁን መልእክተኛ አታድርጉት።

"ከታገደ ወዲያ ምን ግንኙነት አለ?"

በ2010 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ላይ፣ ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ዜጎች ከኢትዮጵያ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከልክሏል። አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ነው። የከለከለው አዲስ ጉዲፈቻን ነው። ደብዳቤ መጻፍን፣ ስልክ መደወልን፣ መጥቶ መጠየቅን ማንም አልከለከለም። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻም አለ።

"ሲያድግ ይነገረዋል"

አንዳንድ ቤት ውስጥ ሴትየዋ ያረገዘች ለመምሰል ሆዷ ላይ ጨርቅ አስራ ወራት ትቆጥራለች። ሌላው ሰፈር ይቀይራል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ልጁን ስለሚወዱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን "ሲያድግ" የሚባለው ቀን አይመጣም። ሰባት ዓመቱ ላይ ገና ነው ይባላል፣ አሥራ አራት ሲሆነው ጉርምስና ነው፣ ሃያ ሲሆነው ደግሞ አሁን ምን ያደርግለታል ይባላል። ከዚያ ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ዘመድ ሳያስበው ይናገራል። ወይም ውጭ ያደገው ልጅ ምራቁን ለዲኤንኤ ምርመራ ይልክና አጎቱን ስልኩ ላይ ያገኘዋል።

ታሪኩ ገና አፉን ሳይፈታ ይጀመር። የሕፃኑን ገላ እያጠባችሁ፣ እያለበሳችሁት፣ "አንተን የወለደች እናት አለች፣ እኛ ደግሞ ልጃችን አደረግንህ" በሉት። ባይገባውም ግድ የለም። የተነገረበትን ቀን የማያስታውስ ልጅ ሁልጊዜም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዝርዝሩን፣ በተለይ አሳዛኙን ክፍል፣ ዕድሜው ሲችል ትጨምራላችሁ። ውሸት ግን አትጨምሩ። በሕይወት ያለችን እናት ሞታለች ማለት በኋላ የማይታረቅ ነገር ነው።

"ክፍት ከሆነ ቤታችን መመላለስ አለባት"

የግድ አይደለም። ለአንዱ ቤተሰብ በዓመት አንድ ደብዳቤና ፎቶ ይበቃል። ሌላው በዋትስአፕ ይደዋወላል፣ ሌላው እንቁጣጣሽን አብሮ ይውላል። ልኩ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ልጁ "አሁን አልፈልግም" የሚልበት ጊዜ አለ፣ ያኔ ትልልቆቹ እርስ በርስ እየተገናኙ ይጠብቁታል።

"ልጇን የሰጠች አንጀቷ የደነደነ ናት"

ይህን የሚል ሰው ያቺን የሹሩባ ጥያቄ ቢሰማ ኖሮ እላለሁ። ልጅ የሚሰጠው በበሽታ፣ በድህነት፣ በባል ሞት፣ ብቻዋን የወለደች ሴት ላይ በሚወርደው እፍረት ነው። ልጁ ፊት እናቱን "ጨካኝ" ማለት ግማሽ አካሉን መስደብ ነው። ልጁ ደሙ ከየት እንደሆነ ያውቃላ።

"እኔ ምን አለኝና እጽፍለታለሁ?"

ይህን የሚሉኝ ወላጅ እናቶች ናቸው። ማንበብ አልችልም ይላሉ። የምልክለት የለኝም ይላሉ። አንዷ "ልጄ የተማረ ነው፣ በእኔ ያፍራል" ብላኛለች።

ለስንት ልጆች ተርጉሜያለሁ። የሚጠይቁትን ልንገራችሁ። ስሜን ማን አወጣልኝ? ስወለድ ቀን ነበር ሌሊት? አልቃሻ ነበርኩ? ማንን ነው የምመስለው? ወንድም እህት አለኝ? ከዚያ፣ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ለምን ሰጣችሁኝ? አንዱም ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። መልሱን ከወለደችው በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ልጁን አገር ቤት ለሚያሳድጉም ሆነ ውጭ ላሉ አንድ ደብተር ግዙ። የልጁን የመጀመሪያ ስም ከነአባቱ ስም ጻፉበት። የተወለደበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ከነቀድሞ ስሙ፣ የአያቶቹን ስም እስከተገኘው ድረስ። ስም ከተቀየረና ቀበሌ ከፈረሰ በኋላ ሰው ፍለጋ ምን ያህል እንደሚያደክም እኔ አይቻለሁ።

ወላጆች ደግሞ በስልክ ድምፃችሁን ቅዱ። ባለፈው የክረምት ወር ከወሎ አንድ የድምፅ መልእክት ደርሶኝ ተርጉሜያለሁ። የምትናገረው አያት ናት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ከኋላ ዶሮ ይሰማል። "አንተ የተወለድህ ለት ዝናብ ነበረ" ትላለች። "ጣሪያው ያፈስ ነበርና ገበቴ ደቀንሁ። ጠብ ጠብ ሲል ዝም ትላለህ፣ ሲያቆም ታለቅሳለህ። ስለዚህ ገበቴውን አላነሳሁትም።" ልጁ አሁን 16 ዓመቱ ነው። እናቱ፣ ያሳደገችው ማለቴ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ መስኮት ከፍቶ የመተኛት ልማድ እንዳለው ጻፈችልኝ። ለአያቱ ተርጉሜ ላክሁላት።